የማድፈጫዋ ፍም

ሔራን ወደ ኩሽናው ስትገባ ምንም አልታያትም። ከውጭው ብርድ የመጣው መነጽሯ የምድጃውን ሙቀትና የማንቆርቆሪያውን እንፋሎት ሲያገኝ ባንዴ ጭጋግ ለበሰና ቤቱ ሁሉ ነጭ ሆነባት። በሩ ላይ ቆማ በሹራቧ ጫፍ እስክትወለውለው ድረስ የአንዲት ሴት ሲቃና የአንድ ወንድ ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነበር የሰማችው። መነጽሯን መልሳ ስታደርግ አስከሬኑ እግሯ ሥር ነበር።

የሞተው ደምሰው ነው። ጀፕ በሚባለው የጆሃንስበርግ ገበያ ብርድ ልብስ ሲያከፋፍል የኖረ ሰው ድንገት ሱቁን ለወንድሙ ትቶ፣ ካሜራ አንግቶ ውርጭ ማሳደድ ሲጀምር ያልሳቀበት የአገር ልጅ አልነበረም። ብርዱን ሽጦ ሽጦ ሲያልቅበት ፍለጋ ወጣ አሉት። ኋላ ግን የሳቁት ራሳቸው ተከተሉት። በየክረምቱ፣ የጆሃንስበርግ ሣር በውርጭ ነጭ በሚሆንበት በሐምሌ፣ ሐኪሙንም አስተማሪውንም ባለሱቁንም ሰብስቦ ከሮዘተንቪል ሰፈር በስተደቡብ፣ ከከተማው ዳር ወዳለው አሮጌ የእርሻ ቤት ይወስዳቸው ነበር። ከቤቱ በታች ረግረግ አለ። ከረግረጉ ዳር ተደብቀው ወፍና አውሬ ፎቶ የሚያነሱባት የሳንቃ ጎጆ አለች። እነሱ ማድፈጫ ይሏታል። ደምሰው ዛሬ ንጋት ላይ የሞተው እዚያች ማድፈጫ ውስጥ ነበር።

«ኢሽ፣ ዶክ፣ በዚህ ብርድ ስላስነሱሽ ይቅርታ» አለ ሳጅን ማሴኮ። ወፍራም፣ ሲናገር የማይቸኩል ፖሊስ ነው። ከአስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ከሔራን ጋር ብዙ አስከሬን ላይ ተገናኝተዋል። «ነገሩ ግልጽ ነው። ከሰል ያለበት ምባውላ ጎጆው ውስጥ ገብቷል፣ በርና መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሰውየው ተኝቷል። ክረምት በመጣ ቁጥር የምናየው ነው። ያስገባችው ደግሞ ይቺ እመቤት ናት። ራርታለት ይሆናል። ቢሆንም ሰው ሞቷልና ይዣት እሄዳለሁ።»

ይቺ የተባለችው ባንችይርጋ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ተኮራምታለች። ዛንድስፕሩት በሚባል መንደር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላት። ደምሰው ሰው ይዞ በወጣ ቁጥር ሱቋን ዘግታ ምግብ ልትሠራለት ትመጣለች። ካሜራ ግን ነክታ አታውቅም።

ሔራን ተንበረከከች። የደምሰውን ከንፈር ወደ ታች ገለጥ አድርጋ አየች። ውስጡ እንደ ቼሪ ቀልቷል። የጥፍሮቹ ሥርም እንደዚያው። የከሰል ጋዝ ገድሎታል፤ በዚህ ላይ ሳጅኑ አልተሳሳተም። እጁ ላይም ፊቱ ላይም ጭረት የለም። ነቅቶ አልታገለም።

«ማነው እዚህ ያመጣው?»

«እኛ ነን» አለ ከመስኮቱ አጠገብ የቆመው ቀጭን ሰው። የሕፃናት ሐኪሙ ፊሊጶስ ነው። በፒጃማው ላይ ጃኬት ደርቧል። «እትዬ ባንቺ ስትጮህ ከአልጋዬ ዘልዬ ወጣሁ። የበረደው መስሎን ወደ ምድጃው ተሸክመን አመጣነው። ደረቱን ተጫንኩት፣ ተነፈስኩለት . . . ከንፈሩን ሳይ ነው የገባኝ።»

«ከአልጋዎ ነው የተነሱት? ለፎቶ አልወጡም ነበር?»

«ተከልክዬ!» ፊሊጶስ ፊቱ ቀላ። «ትናንት አእዋፉ እንዲነሱልኝ ድንጋይ ወርውሬ ነበር። ደምሰው በሰው ፊት አዋረደኝ። 'ለሽርሽር ከሆነ መካነ አራዊት ሂድ' አለኝ። ተናድጄ ተኛሁ። ድንጋይ ወረወርኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም፣ ዶክተር።»

«ገደሉ ያለዎት የለም።»

«አስተያየትሽ ብሎኛል።»

የሔራን አስተያየት እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው ነግሯታል። ሮዘተንቪል ነው ያደገችው። ሕክምናዋን ግን ፀሐይ ለወራት በማትወጣበት የኖርዌይ ሰሜን ተምራ፣ ያኔ እዚያ መቀመጥ አላስችል ብሏት ተመለሰች፤ አሁን ደግሞ እዚህ መቀመጥ አላስችል ብሏታል። የሚነገራትን የምታምነው ገልብጣ ካየችው በኋላ ነው። የራሷንም ሐሳብ ቢሆን።

ባንችይርጋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «እትዬ ባንቺ፣ ምባውላውን አስገብተሽለታል?»

«አላስገባሁም የኔ ልጅ። ደምሰው ራሱ ይገድለኝ ነበር!» ያለችውን ሰምታ ደነገጠችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አምና አዝኜለት ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ይዤለት ብሄድ፣ 'ባንቺ፣ ሙቀት ይዘሽ እዚህ እንዳትደርሺ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ምስሉን ያንቀጠቅጥብኛል' ብሎ እንደ ልጅ ነው የተቆጣኝ። ብርድን የሚወድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እሱ ይወድ ነበር።»

«ታዲያ ምባውላው የት ነበር?»

«ግቢ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር። ማታ ሁሉም ከበው ሞቁ። ስተኛ ፍሙን አመድ አልብሼ ተውኩት፣ ለጠዋት ሻይ። ስነሳ የለም። ከወንዶቹ አንዱ አንስቶት ነው ብዬ ሻዩን እዚህ ምድጃ ላይ አፈላሁ። ሲነጋጋ ሻይ በትሪ ይዤ ወረድኩ። በሩን ሳብ አድርጌ ስገባ ከምባውላው ጋር ተጋጨሁ!» ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ቅልጥሟ ላይ ውሃ የቋጠረ የቃጠሎ ሰንበር አለ። «ይኸውልሽ ፖሊሱ ይቺን አይቶ ነው 'ስትሸከሚው ተቃጥለሽ ነው' ያለኝ። ዶክተርዬ፣ ክስ ከከፈቱብኝ የመኖሪያ ወረቀቴን አያድሱልኝም። ወረቀቴ ካልታደሰ አበቃልኝ። አሥራ አምስት ዓመት የኖርኩበትን አገር በአንድ ባልዲ ከሰል?»

ምባውላ የሚሉት ይኸው ነው፤ ጎኑ የተበሳሳ፣ የሽቦ ማንጠልጠያ ያለው የቀለም ባልዲ፣ ከሰል የሚነድበት። ሔራን የባንችይርጋን መዳፎች ገልብጣ አየቻቸው። የቆየ የሥራ ጠባሳ እንጂ አዲስ ቃጠሎ የለባቸውም።

አመነቻት። ወዲያው ደግሞ ማመኗን ተጠራጠረች። እናቷም እንዲህ ነበር ነጠላዋን አፏ ላይ የምትይዘው። ለሚመስሉን ሰዎች ማድላት ቀላል ነው። ባንችይርጋ አዝና ምባውላውን አስገብታ፣ ሲሞት ፈርታ ብትዋሽስ?

«ሳጅን፣ ማድፈጫውን ልየው። እስከዚያ አትውሰዳት።»

«ያ፣ ግን ቶሎ በይ። ሬሳ የሚጭነው መኪና ተጠርቷል።»

ውጭ ፀሐይ ብትወጣም ውርጩ ገና አልለቀቀም። ሣሩ ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ማድፈጫዋ ሰው አጎንብሶ የሚገባባት፣ ወደ ረግረጉ ብቻ መስኮት ያላት ጠባብ ጎጆ ናት። ደምሰው ገና በጨለማ ገብቶ፣ የእንቅልፍ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ እስኪነጋ ያሸልብ ነበር። አውሬው ሲነቃ ሰው ሲመጣ እንዳያይ ብሎ ነው። ይህን ልማዱን አብሮት የወጣ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በሩ ላይ አመድና የጠፋ ከሰል ተበትኗል፤ የተሰበረ ብርጭቆና የፈሰሰ ሻይ ከአመዱ ጋር ተለውሷል። ተገልብጦ የወደቀው ምባውላ ከደፉ አልራቀም። የተቀመጠበት የወለል ሳንቃ ክብ ሆኖ ጠቁሯል። ሔራን ክቡን በዓይኗ ለካችው። ከበሩ ወዲህ፣ ልክ መግቢያው ላይ ነው። የእንቅልፍ ከረጢቱ ያለው ከዚያ ወዲያ፣ መስኮቱ ሥር ነው።

እራሱ ደምሰው ቢያስገባው ኖሮ ከጎኑ ባደረገው። መውጫው ላይ እሳት አስቀምጦ የሚተኛ ሰው የለም። ባንችይርጋም ብትሆን፣ ያስቀመጠችበትን እያወቀች ትሪ ይዛ አትራመድበትም ነበር። የተኛውን ሳይቀሰቅስ፣ ሲወጣ መግቢያው ላይ አስቀምጦት፣ በሩን ዘግቶ የሄደ ሰው አለ።

የመስኮቱ ሸራ ወርዷል። ካሜራው ከነማቆሚያው ከመስኮቱ ገሸሽ ተደርጎ ጥግ ላይ ተደግፏል፤ ረጅሙ ሌንስ ግድግዳውን ያያል። ሸራውን ለማውረድ ሌንሱን ማንሳት ግድ ነው። ማታ አዘጋጅቶት የተኛ ሰው ግን ሌንሱን ወደ ግድግዳ አያዞርም።

ካሜራውን ከማቆሚያው ፈታችና ይዛ ተመለሰች። የኩሽናውን በር ስትከፍት ግን አንዲት ልጅ ከኋላዋ ጮኸችባት።

«ቁሚ! ስቶፕ! እንዳታስገቢው!»

ሩሀማ ናት፤ የደምሰው የወንድም ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሔራንን ደውላ የጠራቻትም እሷ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ከበሩ ውጭ ባለ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠሉት ጥርት ያሉ ፌስታሎች አንዱን አውርዳ ካሜራውን ከተተችበትና አፉን አጥብቃ አሰረችው።

«ሶሪ። የጋሼ ሕግ ነው። ላይክ፣ ቁጥር አንድ ሕጉ። ውጭ የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ሌንሱም ውስጡም ላብ ያልበዋል። እዚህ ውጭ ታስሪዋለሽ፣ ታስገቢዋለሽ፣ እንደ ቤቱ እስኪሞቅ አትከፍቺውም። ከከፈትሽው ያቺን መነጽርሽን ነው የሚሆነው።»

ሔራን እጇ ወደ መነጽሯ ሄደ። አሁንም ጭጋግ ሊለብስ ነው።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ግድቡ ጋ። ውርጩን ሳነሳ። እትዬ ባንቺ ስትጮህ ሮጥኩ። ጋሼን ሲያስገቡት ዝም ብዬ ተከተልኳቸው፣ ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር። ፌስታል ትዝም አላለኝ።» ካሜራዋን አውጥታ ስክሪኑን አሳየቻት። «ጋሼ ሁልጊዜ 'ስትፈሪ አንሺ' ይለኝ ነበር። አነሳሁ። እዪው።»

ተከታታይ ምስሎች ናቸው፤ ሁሉም ወተት ውስጥ የተነከሩ ይመስላሉ። ነጭ ጭጋግ፣ ከኋላው ምድጃ ይሁን ሰው የማይለይ ጥላ።

«የመጨረሻ ፎቶው እንኳን የለኝም» አለች ሩሀማ። «ዶክተር አለምብርሃን ያነሳው ባይኖር . . .»

«እሱም አንስቷል?»

«ያ። ለፖሊስ ይጠቅማል ብሎ።»

ዶክተር አለምብርሃን መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሪዙ የተከረከመ፣ ድምፁ የለሰለሰ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። የፎቶ አንሺዎቹን ማኅበር ከደምሰው ጋር ያቋቋመው እሱ ነው። በላዩ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ውርጭ በተኛበት ሣር መሐል አንድ አነር፣ ያ እግረ ረጅሙ ነጠብጣብ የዱር ድመት፣ ፊቱን መልሶ ተመልካቹን ያፈጥጣል።

«ነፍስ ይማር» አለ ተነስቶ። እጁን ግን አልዘረጋም፤ ሁለቱንም ብብቱ ውስጥ ቀብሯቸዋል። «የማይሞት የሚመስል ሰው ነበር። ጥያቄ ካለሽ እንደምታገኚኝ እወቂ።»

«አመሰግናለሁ። ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጉብታው ላይ። ገና ጨለማ ሳለ ወጣሁ። የንጋት ብርሃን ውርጩን ሲነካው ለማንሳት ነው። ጩኸት እስክሰማ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ እየሮጥኩ በቀጥታ ወደ ኩሽናው።»

«ካሜራዎን ይዘው?»

«አንገቴ ላይ። ወታደር ጠብመንጃውን ይጥላል?» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ኩሽናው ውስጥ ያለውን እንደገባሁ አነሳሁት። ሰው ደንግጦ ነገር ከመነካካቱ በፊት መረጃ መያዝ አለበት ብዬ። ለሳጅኑ አሳይቼዋለሁ፣ አድንቆኛል።»

ካሜራውን አቀበላት። ከክንድ የማያንስ ሌንስ ተገጥሞለታል። ምስሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ፊሊጶስ የደምሰው ደረት ላይ ጎንበስ ብሎ። ባንችይርጋ እጇን ራሷ ላይ ጭና። ሩሀማ ካሜራዋን ይዛ፣ ግራ ተጋብታ ሌንሱን በእጅጌዋ ስትወለውል። የማንቆርቆሪያው እንፋሎት እንኳን ክር በክር ይታያል።

ሔራን ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ጥሩ ዓይን አለዎት።»

«ዓይን ሳይሆን ትዕግሥት ነው።»

«እጅዎን በረደዎት እንዴ? ጓንት የለዎትም?»

«ጉብታው ላይ ጣልኩት መሰለኝ፣ ስሮጥ።»

ሔራን ወደ ግድግዳው ፎቶ ተጠጋች። «ይህስ የማን ነው?»

«የኔ» አለ። ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። «ባሕር ማዶ ተሸልሟል። አምስት ክረምት ጠብቄዋለሁ። በነጻነት የሚኖር አውሬን በዚያ ርቀት፣ በዚያ ብርሃን . . . ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሲል ነው የፎቶግራፍ ትምህርት ክፍሉን እንድመራ የመረጠኝ።»

ፎቶው ትንሽ ተንጋዷል። ክፈፉ ላይ ካለው አቧራ መሐል የጣት አሻራ ይታያል፤ በቅርቡ ወርዶ የተመለሰ ነገር ነው። ሔራን አፍንጫዋ መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጋች። የአነሩን ጆሮ አየች፣ ጢሙን አየች፣ ከዚያ አንገቱን። አንገቱ ዙሪያ ጸጉሩ በቀጭን መስመር ተኝቷል፤ ካልሲ ሲወልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ እንደሚቀረው ምልክት።

ወደ ኩሽና ስትመለስ ሩሀማን ወደ ጥግ ሳበቻት። «ያንን ፎቶ ማን አወረደው?»

«ጋሼ። ትናንት ማታ። መብራት ሥር አድርጎ ሲያየው ነበር። 'ምነው?' ስለው 'የማውቀው ድመት መሰለኝ' አለኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የግል የእንስሳት ማቆያ ሄዶ ነበር፣ ላይክ፣ አጥሩን ፎቶ ሊያነሳላቸው። ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም ይላል። ግን ደስ አላለውም ነበር። ሲሪየስሊ፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች ባንችይርጋ ከወንበሯ። «ማታ ምባውላውን አመድ ሳለብስ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ለአንድ ሰው ሲናገር። 'ነገ ቁርስ ላይ ራስህ ንገራቸው፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ' አለ። የሚያናግረውን አላየሁትም። አልመለሰለትም። እኔ የፊሊጶስ ድንጋይ መስሎኝ!»

«የኔ ድንጋይማ ለሁሉም ታውጇል» አለ ፊሊጶስ በምሬት። «ለቁርስ የሚቆይ ምን ቀርቶት?»

ሳጅን ማሴኮ ካቴናውን አውጥቶ በእጁ ያንቃጭላል። «ዶክ፣ መኪናው መጥቷል። ሲሲ፣ እህቴ፣ ተነሺ።»

ባንችይርጋ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ምድጃው ላይ የቀረውን ማንቆርቆሪያ አወረደች። ሄዳ የማትመለስ ሴት አወራረድ ነበር።

«አንድ ደቂቃ» አለች ሔራን። «ዶክተር አለምብርሃንን ጥሩልኝ። ካሜራውንና ቦርሳውን ይዞ። ሁላችንም እዚሁ እንሁን።»

ኩሽናው ጠበበ። የደምሰው አስከሬን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ መሐላቸው ተኝቷል። ሔራን አንዱን ነገር ለሳጅኑ በእንግሊዝኛ፣ ለባንችይርጋ በአማርኛ እያለች ጀመረች።

«ደምሰው የሞተው በከሰል ጋዝ ነው። ምባውላው ግን በራሱ እግር አልሄደም። ደምሰው አላስገባውም። ማድፈጫ ውስጥ ሙቀት ምስል እንደሚያበላሽ አምርሮ የሚናገር ሰው ነበር፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«አሳምረን» አለ ፊሊጶስ።

«ሌንሱም ወደ ግድግዳ ዞሯል፣ ሸራውም ወርዷል። ፎቶ ሊያነሳ የተኛ ሰው ይህን አያደርግም። እሳቱ ደግሞ የተቀመጠው ከበሩ ጋ፣ ከሱ ጀርባ ነው። እንግዲህ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።»

«እመቤቲቱ» አለ ሳጅኑ።

«እትዬ ባንቺ እዚያ መኖሩን ብታውቅ ትሪ ይዛ አትገባበትም። የተቃጠለችው ቅልጥሟን ነው። ያን የሽቦ ማንጠልጠያ ይዞ የሄደ ሰው የሚቃጠለው መዳፉን ነው፤ ወይም መዳፉ ላይ ያለውን።» ሔራን ወደ ባንችይርጋ ዞር አለች። «እውነቱን ለመናገር ለእትዬ ባንቺ ማድላቴን ፈርቼ ነበር። ስለዚህ እሷን ተውኩና እናንተ ያላችሁትን ገለበጥኩ። ሩሀማ ውጭ ነበርኩ አለች፤ ካሜራዋ መሰከረላት። ስትገባ ጭጋግ ለበሰ፣ ያነሳችው ሁሉ ነጭ ሆነ። የኔም መነጽር እንደዚያው ሆኗል። ዶክተር አለምብርሃን ደግሞ ከሌሊቱ ጀምሮ ጉብታው ላይ ነበርኩ፣ በቀጥታ ወደ ኩሽና ገባሁ፣ እንደገባሁ አነሳሁ አሉ። የሳቸው ሌንስ ግን አንዲት ጠብታ የለበትም።»

ሁሉም ወደ አለምብርሃን ዞሩ። እሱ ፊቱን አላዞረም።

«ፌስታል ውስጥ ነበር» አለ። «ደምሰው እንዳስተማረን።»

«ፌስታል ውስጥ ከነበረ እስኪሞቅ መከፈት አልነበረበትም። እርስዎ ግን እንደገቡ ነው ያነሱት። ሩሀማ ሌንሷን ስትወለውል፣ እትዬ ባንቺ ገና እጇን ራሷ ላይ እንደጫነች።»

«ይቅርታ፣ ጃኬቴ ውስጥ ነበር። ከሰውነቴ ጋር። ባትሪ በብርድ ይደክማላ!»

«ሃይቦ፣ ባትሪው እኮ ነው ጃኬት ውስጥ የሚገባው!» አለች ሩሀማ። «ይሄ ሌንስ? ይሄ የኔን ክንድ የሚያክለው? አንገትህ ላይ ነበር ብለህ የለ እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥርዓት!»

«ካሜራው ሌሊቱን ሞቅ ያለ ክፍልዎ ውስጥ ነው ያደረው» አለች ሔራን። «ፍም የሞላ ባልዲ በጨለማ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አንገቱ ላይ ይህን የሚያህል ነገር አያንጠለጥልም። ጩኸት ሲሰሙ ከውጭ ለመምጣትዎ ምስክር እንዲሆንዎ አንስተው ወጡ፣ በጓሮ ዞረው ገቡ። ምስክርዎ ግን ከቤት መውጣትዎን ነገረብን። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ካሜራውን ዝም ብሎ ይይዘው ነበር። እርስዎ ግን ጥሩ ፎቶ ሲታይዎት አልቻሉም።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው» አለ። ድምፁ ግን ልስላሴው ጠፍቷል። «ለምን ብዬ? ጓደኛዬን?»

«ለአነሩ። አንገቱ ላይ የማሰሪያ ምልክት አለ። ደምሰው በእንስሳት ማቆያው ውስጥ ከአጥር ወዲያ ያንኑ ነጠብጣብ አይቶታል። ቁርስ ላይ ራስህ ንገራቸው አለዎት። ሽልማቱም፣ ዩኒቨርሲቲው የሰጠዎ ቦታም፣ ስምዎም ያቺ ቁርስ ላይ ቆመው ነበር።» ወደ ሳጅኑ ዞረች። «ጓንታቸው ጠፍቷል ብለውኛል። ምድጃ ውስጥ እንዳይጥሉት እትዬ ባንቺ ከኩሽና አልወጣችም። ወደ ግቢ እንዳይወጡ ደግሞ አንተ መጣህ። ቦርሳቸውን እየው።»

ሳጅኑ ሳይቸኩል ቦርሳውን ተቀበለና ኪስ በኪስ ከፈተ። ከትርፍ ሌንሱ ከረጢት ሥር ተጠቅልለው የተቀበሩ ሁለት ወፍራም ጓንቶች ወጡ። በቀኙ መዳፍ ላይ ቀጭን የተቃጠለ መስመር፣ የሽቦ ስፋት ያለው፣ ዳር እስከ ዳር ተሰምሯል። የከሰል ሽታ ኩሽናውን ሞላው።

«ማታ ምባውላውን ነክተህ ነበር?» አለችው ባንችይርጋ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ በጨርቅ! አንተማ ሻይ እንኳን ተነስተህ አትቀዳም!»

አለምብርሃን ጓንቶቹን እንጂ ሰዎቹን አላየም። «በውርጭ መሐል አምስት ክረምት ጠበቅኩ» አለ በመጨረሻ። «አምስት። አንድም አነር ዞሮ አላየኝም። ከማቆያው አንዱን ለአንድ ጠዋት ብቻ ተከራየሁ። አንድ ጠዋት! ሁሉም ሰው ነው የሚያደርገው ስለው፣ 'እኔ የማመጣቸው ሰዎች አያደርጉም' አለኝ። የብርድ ልብስ ነጋዴ!»

«ጋሼ እያንዳንዱን ክረምት እኮ አብሮህ ጠብቋል» አለች ሩሀማ። «አንድም አነር አላየም። ግን ደስ ብሎት ነበር የሚመለሰው።»

ሳጅኑ ካቴናውን በመጨረሻ ለተገባው እጅ አዋለው። ፊሊጶስ ጃኬቱን አውልቆ በደምሰው ብርድ ልብስ ላይ ደረበለት፤ ምን እንደሚረባ ሳያውቅ። መኪናው ሲሄድ የውርጩ ሣር ላይ የጎማ ዱካ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ባንችይርጋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። «እንግዲህ ወረቀቴ . . .?»

«ክስ የለብሽም እትዬ። የጠየቀሽ ሰው ካለ እኔ እመጣለሁ።»

ባንችይርጋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፌስታል አየችው፤ የደምሰውን ካሜራ። የፌስታሉ ውጭ በትናንሽ ጠብታ ተሸፍኗል፣ ውስጡ ግን ደረቅ ነው።

«ትናንት ሲመሽ አንድ ነገር አንስቶ እየሳቀ ነበር የተመለሰው» አለች። «'ነገ አሳይሻለሁ' ብሎኝ ነበር። አሁን ይከፈታል?»

ሔራን የመኪናዋ ቁልፍ እጇ ላይ ነበር። ለመሄድ አንድ እግሯን አንቀሳቅሳለች፤ ሥራው ካለቀ ቦታ መቆየት አታውቅም። ሩሀማ ፌስታሉን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ገና ነው» አለች። «ቀዝቃዛ ነው።»

ሔራን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበር ሳበች። ሦስቱም ፌስታሉን ከበው፣ እስኪሞቅ ተቀመጡ።